ትንሹ የምድር ባቡርና የእንፍራንዝ ኮረብታ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲትን፥ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ፥ የፎገራን ሜዳ ወደ ኋላው ከተወ በኋላ እንፍራንዝ ይደርሳል። በስተ ምዕራብ የጣና ባሕር ተዘርግቶ ይታያል፤ ከከተማው አጠገብ ካለው ኮረብታ ላይ ጉዛራ የሚባለው የዐፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ ቆሟል። ይህ ግንብ በፈረንጆች አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት፥ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቈርቈራቸው በፊት የተሠራ ነው። ስለዚህ የጎንደርን ግቢ አስቀድሞ አይቶ ወደ ጉዛራ የሚመጣ ሰው፥ የሚያውቀውን ጐልማሳ መልክ በአባቱ ፊት ላይ እንዳገኘ ሰው ይሆናል። የማዕዘኑ ክብ ግንብ፥ በኖራ የተያያዘው ድንጋይ፥ በፎቅ ላይ ፎቅ መደረቡ፥ ይህ ሁሉ በጎንደር በትልቁ ከመታየቱ በፊት እዚህ በትንሹ ተሞክሯል።

እንፍራንዝ ዛሬ ለአላፊ አግዳሚው የመንገድ ዳር ከተማ ትመስላለች። ነገር ግን በ1700 ገደማ በዚህ አገር የተመላለሱት ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ማማሯን አመስግነው፥ የዝባድ ንግድ የበረታባት ከተማ መሆኗን ጽፈዋል። ነገሥታት ሰፍረውባታል፤ ነጋዴዎች ከብረውባታል። (ከዚህ በታች የውጭ አገሩን ዘመን በፈረንጆች አቈጣጠር፥ የአገራችንን ግን በራሳችን ዓመተ ምሕረት ጽፈናልና አንባቢ ሁለቱን እንዳያደባልቅብን እንለምናለን።)

ያላየችው ነገር ቢኖር የምድር ባቡር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ከሰጡ በኋላ፥ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ተመረቀ። ሆኖም እስከ ጣና ዳር የተዘረጋ ሐዲድ የለም። እንግዲህ ትልቁን ባቡር ላላየች አገር ስለ ትንሹ ባቡር መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እርሱን ወደ ጉዛራ ኮረብታ ወጥቶ እንዲያይ እንለምነዋለን።

ትንሽ የምድር ባቡር ስንል፥ በጠረጴዛ ላይ ዞሮ ዞሮ የሚቆመውን የሕፃናት መጫወቻ ማለታችን አይደለም። ሰው ተቀምጦበት፥ ጭነት ተጭኖበት የሚሄደውን፥ ነገር ግን ሐዲዱ ከአንድ ክንድ የማይሰፋውን ማለታችን ነው። የዚህ ነገር አባት ሰር አርተር ሔይዉድ የሚባሉ እንግሊዛዊ ባላባት ናቸው። በኬምብሪጅ ተምረው፥ ደርቢሺር በሚባለው አውራጃ ደፊልድ ላይ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። ማንም ሳያዛቸው፥ ደመወዝም ሳይቈረጥላቸው፥ በ1874 በገዛ ግቢያቸው ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። መኪናዎቹን በራሳቸው መሥሪያ ቤት አሠሯቸው፤ ለመጀመሪያይቱም የባለቤታቸውን ስም ሰጥተው ኤፊ አሏት። (እኒህ ሰው የቤተ ክርስቲያን ደወል መደወል እጅግ ይወዱ ስለ ነበር፥ በ1891 የእንግሊዝን ደዋዮች አንድ ያደረገውን ማኅበር መሥርተው የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነዋል። በደወል ቤት ያደገ ሰው ለጊዜና ለልክ መጠንቀቁ አያስደንቅም።)

አስቀድመው የሞከሩት የሐዲድ ስፋት 23 ሳንቲሜትር፥ ማለት አንድ ስንዝር ያህል ነበረ። ሆኖም ሰው ሲቀመጥበት ይወዛወዛል፤ ምክንያቱም ባቡሩ ቢያንስ ሰው አያንስም። የሰውዬው ክብደትና ቁመት እንደ ነበረ ስለሚቀር፥ የተቀመጠበት ነገር ከጠበበ መገልበጥ ይቀርበዋል። ስለዚህ ብዙ ለክተው በ38 ሳንቲሜትር ላይ ቆሙ። ከዚህ የጠበበው ለጨዋታ እንጂ ለሥራ አይሆንም ብለው በ1881 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረዱ። በደፊልድ ግቢያቸው ዋሻ አስቈፈሩ፥ ድልድይ አስተከሉ፤ በየዐሥር ክንዱ አንድ ክንድ በሚወጣ ዳገት ላይ ባቡራቸውን አስኬዱ። የምግብ ፉርጎና የመኝታ ፉርጎ እንኳ ነበራቸው፤ ጠቅላላው መንገድ ግን የአንድ ሰው ቀላል ሽርሽር ያህል ነው። በዚህ ጎረቤቶቻቸው ሳይስቁ አልቀሩም ብለን እንገምታለን።

ስለ ልክ ይህን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር፤ የትንሹ ባቡር ብልሃት ሁሉ የሚገኘው ከዚህ ነውና። አንድን መኪና ቁመቱን በሦስት እጅ ብናሳንሰው፥ የውጭ ገጹ በዘጠኝ እጅ፥ በውስጡ የሚይዘው ውሃ ግን በ27 እጅ ያንሳል። ስለዚህ ውሃው የሚፈላበት የብረት ጋን ከሚይዘው ውሃ ጋር ሲነጻጸር ሙቀት የሚያስወጣበት ገጽ ይበዛበታል፥ ቶሎም ይቀዘቅዛል። እሳቱ ትንሽ ስለ ሆነ ለጥቂት ጊዜ ቢዘነጉት ይከስማል፤ ውሃውም ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ካለቀ ደግሞ ብረቱ ነዶ አደጋ ይመጣል። የትልቁን ባቡር ሥዕል ወስዶ በመጠኑ የሚያሳንስ ሰው የማይሠራ ነገር ሠርቶ ያፍራል። የትንሹ ነጂ ከትልቁ ነጂ የበለጠ ንቁ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። በ1898 በሎንዶን የተቋቋመው የትናንሽ መኪና ሠሪዎች ማኅበርና እርሱን የመሰሉት ሌሎች ማኅበራት ይህን ስለ ተረዱ፥ አባሎቻቸው የሠሩትን ጋን ሳያስመረምሩ እንዲያነዱ አይፈቅዱም። አዲስ ጋን ቢሆን ቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ፥ በሥራ ላይ ከሚሸከመው ኀይል በእጥፍ ተጨቍኖ ይፈተናል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚመረጥበት ምክንያት፥ ብረቱ ቢሰነጠቅ እንኳ እንደ እንፋሎት ፈንድቶ ሰው ስለማይጐዳ ነው። ፈታኙ አናጢ ወይም የባንክ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል፤ የፈተናው መዝገብ ግን በሥርዐት ይጠበቃል። በመዝገብ ሥራ ላይ ጠጕራችንን ያሸበትን እኛ ይህን ስንሰማ ደስ አለን።

የሰር አርተርን አሳብ የእንግሊዝ ጦር አልተቀበለውም። ሆኖም የዌስትሚንስተር መስፍን በ1896 ኢተን ሆል በሚባለው ግዛታቸው አሠሩት፤ ከሰል፥ ጡብና የመንገድ ጠጠር ተመላለሰበት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከባላባት ግቢ ወጣ። ባሴት ሎክ የሚባሉ የኖርዛምፕተን ነጋዴና ሔንሪ ግሪንሊ የሚባሉ መሐንዲስ በ1904 ኩባንያ አቋቁመው፥ በመናፈሻና በባሕር ዳር ለሕዝብ ትንሽ ባቡር ማስኬድ ጀመሩ። ዋጋው ትንሽ ስለ ሆነ ሠራተኛው ልጆቹን ይዞ መሳፈር ቻለ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የእኛን አሳብ የሚስበው ግን የሬቨንግላስ ታሪክ ነው። በ1875 የብረት ማዕድን ለማውጣት በተራራ መካከል የተዘረጋ መንገድ ነበረ፤ ማዕድኑ አላዋጣ ብሎ በ1913 ሐዲዱ ሣር ዋጠው። በ1915 እነ ባሴት ሎክ ተከራይተው ሐዲዱን ወደ 38 ሳንቲሜትር አጠበቡት፤ የሞተው መንገድም ተነሣ። መንገደኛ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዓመታት የጥርብ ድንጋይ ጭነት አመላልሷል። በ1960 በሐራጅ ሊሸጥ በቀረበ ጊዜ፥ ባቡሩን የሚወዱ ሰዎች በማኅበር ሆነው ገንዘብ አሰባስበው፥ ሁለት ባለጠጎችም ረድተዋቸው ገዙት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፈቃደኛ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው መጥተው ድንጋይ ይጠርጋሉ፥ ቀለም ይቀባሉ። ከመኪናዎቹም አንዱ በታችኛው አካሉ ሰር አርተር በ1894 ሠርተው በልጃቸው ስም ሚዩሪየል ያሏት ናት፤ በ1927 አዲስ ጋን ተገጥሞላት ስሟ ተለወጠ፥ እስከ ዛሬም ትሠራለች። 1894 በእኛ አቈጣጠር ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ፈቃድ የሰጡበት 1886 ዓ.ም. መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ሁለተኛው ታላቅ መንገድ ሮምኒ ይባላል፤ በእንግሊዝ ደቡብ፥ በኬንት አውራጃ የባሕር ዳር ሜዳ ላይ ነው። ይህን የጀመሩት በመኪና እሽቅድምድም የታወቁ ሁለት ወዳጆች፥ ካውንት ሉዊ ዝቦሮውስኪና ካፕቴን ሐዊ ነበሩ። ካውንቱ ሁለት መኪናዎች እንዲሠሩላቸው ካዘዙ በኋላ በ1924 ሞንዛ ላይ በእሽቅድምድም ሞቱ። ካፕቴን ሐዊ ግን የወዳጃቸውን አሳብ ሳይተዉ፥ ሀብታቸውን አፍስሰው በ1927 መንገዱን ለሕዝብ ከፈቱ፤ በሚከተለውም ዓመት እስከ ደንጀነስ ድረስ 22 ኪሎ ሜትር ያህል አደረሱት። መንገዱ ገና ሳያልቅ በ1926 የዮርክ መስፍን፥ ኋላ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ የሆኑት፥ መጥተው በገዛ እጃቸው ነድተውታል። መኪናዎቹ የትልቁ ባቡር ሢሶ ያህል ናቸው፤ ሆኖም ሁለት ሐዲድ ጐን ለጐን ተዘርግቶ፥ ምልክት ሰጪ ቆሞ፥ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ተጽፎ፥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሠራዊቱ ወስዶት፥ አንዱን ባቡር ብረት አልብሶ መትረየስ ጫነበት፥ የባሕሩንም ዳር አስጠበቀው። ከ1977 እስከ 2015 ድረስ ደግሞ የአካባቢውን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት አመላልሷል። ባለጠጋ ለደስታው የጀመረው ነገር የተማሪ መጓጓዣ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ አሳባችን ወደ ምሥራቅ ይሻገራል። ጃፓን በሯን ዘግታ በኖረችበት ዘመን፥ በ1853 የሩስያው አድሚራል ፑቲያቲን ናጋሳኪ ወደብ ሲመጡ፥ በእንፋሎት የሚሄድ ትንሽ ባቡር በመርከባቸው ላይ አሳዩ። በ1854 ደግሞ የአሜሪካው ፔሪ የትልቁን ሩብ የሚያህል ባቡር ከነሐዲዱ ገጸ በረከት አመጡ። ከጃፓን መኳንንት አንዱ ፉርጎው ስለ ጠበባቸው በጣሪያው ላይ ተቀምጠው፥ ሰፊ ልብሳቸው በነፋስ እየተውለበለበ በሐዲዱ ዙሪያ በረሩ ይባላል። ከሹማምንት ወገን የሆነ አንባቢ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ከሳቁ በኋላ ምን እንዳደረጉ እንመልከት። የሳጋ መስፍን ታናካ ሂሳሺጌ የሚባሉትን ብልሃተኛ ሠርተው እንዲያሳዩአቸው አዘዟቸው፤ እርሳቸውም ከባልንጀሮቻቸው ጋር በ1855 በእንፋሎት የሚሄድ ትንሽ ባቡር ሠሩ። ታናካ የዔሊ ቅርፊት ጠራቢ ልጅ ሲሆኑ መስፍኑ ማዕርግ ሰጥተው አኖሯቸው። በ1872 ጃፓን ትልቁን የምድር ባቡር ከፈተች፤ በ1875 ታናካ በቶኪዮ ያቋቋሙት መሥሪያ ቤት ዛሬ ቶሺባ በሚባል ስም ዓለም የሚያውቀው ኩባንያ መነሻ ሆነ።

ይህ በሆነ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፥ ይህም በእኛ በ1858 ዓ.ም. ነው፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳር በዘጌ ሰፍረው ነበር። የፈረንጆች የእንፋሎት መርከብ ነገር አሳባቸውን ይዞት ስለ ነበረ፥ ባሕሩ ከሚያበቅለው ደንገል ከተራው ታንኳ እጅግ የሚበልጥ ታንኳ አሠሩ፤ በጐንና በጐኑም በእጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጠሙለት። በእጃቸው የነበሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች ይህን አይተው ጽፈዋል። እሳት የለውም፥ ጋን የለውም፤ አሳቡ ግን የመርከብ አሳብ ነው፥ እቃውም የአገር እቃ ነው። እኛ ይህን ነገር የሳቅ ነገር አድርገው ከሚያወሩት ወገን አይደለንም። ሰር አርተር ሔይዉድ ሐዲዳቸውን የጀመሩት ከዚህ በኋላ በስምንት ዓመት ነው።

ልዩነቱ የተገኘው ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። ደንገል ውሃ ጠጥቶ ይበሰብሳልና የቴዎድሮስ ታንኳም እንዲሁ ቀረ። ከእንፍራንዝ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በጋፋት ፈረንጆችና የአገር ሠራተኞች በአንድነት መድፍ አፈሰሱ፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖልም ከዚያ ወጣ። ከመቅደላ በኋላ ግን ጋፋት ተበተነ። ጦርነት ምክንያት መሆኑን አንክድም። ሆኖም ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም በሠሪው ላይ ያለን ንቀት ነው። ደንገል አጭዶ፥ አድርቆ፥ አስሮ ታንኳ መሥራትን ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት ወይጦዎች ናቸው፤ በማዕድ ግን ሰው አብሯቸው አይቀርብም ነበር። ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራው ቀጥቃጭ ቡዳ ተባለ፤ ሸማኔውና ፋቂው በየስማቸው ተሰደቡ። የሳጋ መስፍን ጠራቢውን ሲሾሙ፥ እኛ ጠይባችንን ሌሊት ጅብ ይሆናል እያልን ከመንደር ዳር አስቀመጥነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ስም መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። እኛ በፍርድ ቤት ቆመን ብዙ አዋጅ ገልብጠናል፤ ከዚህ አዋጅ የሚበልጥ ብዙ አላየንም። አዋጅ ግን አፍን ይዘጋል እንጂ የአባትን ዐይን አይለውጥም። ዛሬም በእንፍራንዝ መንገድ ዳር የሚያልፍ ሰው፥ ከሽቦ አካል ከቆርኪ ጐማ ሠርተው ረጅም መሪ ያበጁለትን መኪና የሚነዱ ልጆች ያያል። መሪው ሲዞር የፊቱ ጐማ አብሮ ይዞራል፤ ይህን ማንም አላስተማራቸውም። አባት ግን ያንን ሽቦ ባየ ጊዜ «ሥራ ፈት» ብሎ ይወረውርበታል፤ እናትም መጽሐፍህን አንብብ ትላለች። መጽሐፉ መልካም ነው፤ የመጽሐፉ ወዳጆች ነንና ይህን አንቃወምም። ሆኖም ልጁ የፊቱን ጐማ ከመሪው ጋር ያገናኘበት ብልሃት በዚያ ዓመት በትምህርት ቤት ከሚማረው ከብዙው እንደማያንስ ለአባትና ለእናት እንነግራቸዋለን።

እንግዲህ በእንፍራንዝ ምን ሊሠራ ይችላል? እኛ የምናስበው እንዲህ ነው። ከአውራ ጐዳናው እስከ ጉዛራ ኮረብታ ግርጌ 38 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ሐዲድ ቢዘረጋ፥ ግንቡን ለማየት የሚመጣውን እንግዳ፥ በተለይም ዳገት የሚከብዳቸውን ሽማግሌዎችና ሕፃናት ያደርሳል። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው እንጨት ከሆነ ምስጥ ይበላዋል፤ ስለዚህ ከብረት ቢሆን ይሻላል። እንፋሎት ለመማሪያ እጅግ መልካም ነው፤ ነገር ግን የአገሩ ደን በመመናመኑ እንጨት እየነደደ በየቀኑ እንዲሄድ አንመክርም፤ በባትሪ የሚሄድ ሞተር ይበቃል። የእንፋሎቱ መኪና ለበዓል ቀን ትቀመጥ። ከሁሉ በፊት ግን በእጅ የሚገፋ አንድ ፉርጎና ሠላሳ ክንድ ሐዲድ በትምህርት ቤት ግቢ ይሠራ፤ ሠሪዎቹም የከተማው ብረት ቀጥቃጭና እነዚያ የሽቦ መኪና ልጆች ይሁኑ። ቀጥቃጩ አስተማሪ ተብሎ፥ በአስተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ ደመወዙ በመዝገብ ላይ በስሙ ይጻፍ።

ዳገቱን የሚለካ ሰው አስቀድሞ ረጅም ገመድና የግንበኛ ውሃ ልክ ይያዝ። በየዐሥር ክንዱ አንድ ክንድ ከወጣ ሰር አርተር በደፊልድ ያስኬዱት ልክ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ገደላማ ሆኖ ከተገኘ ሐዲዱ ኮረብታውን ዞሮ፥ ጣና በሚታይበት ጐን በኩል እንዲወጣ ይደረግ።